ለትል ጊዜ የነበራት ሴት

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አምስተርዳም ስላረፈች አንዲት ሴት ነው። የሆላንድ ተወላጅ አልነበረችም፤ እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጣች ናት። ከእርሷ ጋር ያስተዋወቀችኝ የገዛ ልጄ ስለሆነች ጨዋታውን ከዚያ ልጀምር።

የምኖረው ሮተርዳም ነው። ከሥራ በተረፈችኝ ሰዓት ካሜራዬን አንግቤ መዞር እወዳለሁ። ያለችኝ አንዲት ረጅም ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ ናት፤ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር ትደርሳለች። በእርሷ ዛንድፎርት አጠገብ የአምስተርዳም የመጠጥ ውኃ በሚጣራበት አሸዋማ ደን አጋዘን፣ በዘ ሄግ በኩል ባለው ሜየንደል ወፎች፣ እዚሁ ሮተርዳም ክራሊንግሰ ቦስ ውስጥ ደግሞ ቢራቢሮና ተርብ አነሳለሁ። ረጅም ሌንስ ለትንንሾቹም ይበጃል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቄ ስለምቆም ጥላዬ አያርፍባቸውም፤ አይበረግጉም። ከኋላ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ይደበዝዝና ቢራቢሮዋ ብቻ ጎልታ ትወጣለች። በ300 ሚሊሜትር ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥም ስለሚያበላሽ ፍጥነቱን ከሴኮንድ 1/500ኛ አላሳንስም።

አንድ ክረምት በዚሁ ሌንስ ክንፎቿ ላይ አራት ዓይን የመሰለ ነገር ያለባትን ቢራቢሮ አነሳሁ። ሆላንዶች የጣዎስ ዓይን ይሏታል። የክንፏ ብናኝ እንኳ ይቆጠራል ማለት ይቻላል። በኩራት ለዘጠኝ ዓመት ልጄ አሳየኋት። ልጄ ፎቶውን አየት አደረገችና ትሏ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቢራቢሮ ሳነሳ ከክንፏ በፊት ምን እንደነበረች አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። የዚያን ዕለት ማታ መልሱን ስፈልግ ነው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያንን ያገኘኋት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ የተወለደችው በ1647 ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ነው። አባቷ ስመ ጥር የመዳብ ቅርጽ ሠራተኛና መጽሐፍ አሳታሚ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሲሆናት ሞተ። እናቷ ያገባችው ያኮብ ማሬል የአበባ ሠዓሊ ስለነበር የእንጀራ አባቷ ሥዕል አስተማራት። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማሳደግ ጀመረች። ያን ጊዜ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ትል ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ጣሊያናዊው ሬዲ ይህን በሥጋ ፈትኖ ሐሰት መሆኑን ያሳየው በ1668፣ የአምስተርዳሙ ስዋመርዳም ስለ ነፍሳት የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1669 ነው። ልጅቷ ግን ቀደም ብላ በዓይኗ ታየው ነበር።

አሠራሯ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ትሏን ከነቅጠሏ ታመጣለች፣ ሣጥን ውስጥ ታኖራታለች፣ በየቀኑ ትመግባታለች፣ ያየችውን ትጽፋለች፣ በብራና ላይ ትሥላለች። አንዳንዷ ትል አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ስለምትበላ ያ ቅጠል ከጠፋ ትሞታለች። ስለዚህ ማሪያ እንቁላሉን፣ ትሏን፣ ተሸፋፍና የምትተኛበትን ጊዜ፣ ቢራቢሮዋንና የምትበላውን ተክል በአንድ ገጽ ላይ አብራ ሣለች። በ1679 እና በ1683 ሁለት የትል መጻሕፍት አሳተመች፤ እያንዳንዳቸው 50 ሥዕል አላቸው። አንዳንዴ ቢራቢሮ ስትጠብቅ ዝንብ ይወጣባታል። ምክንያቱን ባታውቀውም አልደበቀችውም፤ ጻፈችው። ዛሬ እነዚያ ዝንቦች ሌላ ትል ላይ ተጠግተው የሚያድጉ ጥገኞች መሆናቸውን እናውቃለን።

ትዳሯ አልሰመረም። በ1680ዎቹ አጋማሽ ባሏን ትታ እናቷንና ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በሰሜን ሆላንድ ፍሪስላንድ ወደሚኖር የሃይማኖት ማኅበር ገባች። እናቷ እዚያው ሞተች። በ1691 ማሪያ ከልጆቿ ጋር አምስተርዳም ደረሰች። ሥዕል እየሸጠች፣ ቀለም እየነገደች፣ እያስተማረች ኑሮዋን ቀጠለች። ሰው አገር ልጅ ብቻዋን ያሳደገች እህት ሁሉ ይህን ያለ ማብራሪያ ይገባታል።

በአምስተርዳም የሀብታሞች ቤት ከሩቅ አገር የመጡ፣ በመርፌ የተሰኩ የደረቁ ቢራቢሮዎች ታያለች። ያምራሉ። ግን ከየትኛዋ ትል እንደመጡ፣ ምን ይበሉ እንደነበር የሚናገር የለም። በ1699 ሥዕሎቿን ሸጠች፣ ኑዛዜዋን ጻፈች፣ በ52 ዓመቷ ታናሽ ልጇን ዶሮቴያን ይዛ ወደ ሱሪናም በመርከብ ተጓዘች። ወጪውን የሸፈነላት ንጉሥም ኩባንያም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። ሱሪናም የስኳር አገር ነበረች፤ አገዳውን የሚያለሙት ከአፍሪካ በግድ የተጋዙ ባሮች ናቸው። ማሪያ የእርሻ ባለቤቶቹን ከስኳር ሌላ አይታያቸውም ብላ ወቅሳለች። ይሁንና ጫካውን እየመነጠሩ መንገድ ያወጡላት፣ ትሎቹን ያመጡላት እነዚሁ ባሮችና የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ባሪያ የሆኑ ሴቶች ልጆቻቸው በባርነት እንዳይወለዱ በአንድ አበባ ዘር ጽንስ ያስወርዱ እንደነበር ከእነርሱ ሰምታ በመጽሐፏ አስፍራለች። የሴቶቹን ስም ግን አልጻፈችም። የእኔ ሌንስ ከኋላ ያለውን እንደሚያደበዝዘው ሁሉ እነርሱም ከሥዕሉ ጀርባ ደብዝዘው ቀሩ። አምስተርዳም ከተማ ራሷ ከቅኝ ግዛቱ ባለቤቶች አንዷ ነበረች፤ ከንቲባዋ ይቅርታ የጠየቁት በ2021 ነው።

በ1701 በበሽታ ተዳክማ ተመለሰች። በ1705 ትልቁ መጽሐፏ በ60 ሥዕሎች፣ በሆላንድኛና በላቲን ወጣ። ስሕተት የለበትም አልልም፤ አንዷን ነፍሳት በሌሊት ታበራለች ብላ ጽፋለች፤ አታበራም። ወፍ የሚበላ ሸረሪት በመሣሏ ግን ከሞተች በኋላ ብዙ ተቀልዶባታል። እንግሊዛዊው ቤትስ አማዞን ውስጥ በዓይኑ አይቶ በ1863 ሲጽፍ ቀልዱ ቆመ። ማሪያ በ1717 ጥር 13 ቀን በ69 ዓመቷ አምስተርዳም ውስጥ አረፈች። በዚያው ሰሞን የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ሥዕሎቿን አስገዛ። ጀርመኖች በኋላ በ500 ማርክ ኖታቸው ላይ መልኳን አተሙት። መቃብሯ ግን ዛሬ የለም።

የልጄን ጥያቄ አልረሳሁትም። የዚያች ቢራቢሮ ትል የምትበላው ሳማ ነው! አዎ፣ በልጅነታችን የለበለበን ሳማ! በዓመቱ ግንቦት ላይ ክራሊንግሰ ቦስ ሄድን። ስንት ጊዜ ረግጬው ያለፍኩት ሳማ ላይ ጥቋቁር እሾሃማ ትሎች ተሰብስበው አገኘን። ሦስቱን በማሰሮ አድርገን በስስ ጨርቅ ሸፈንናቸው። ከሥራ ስመለስ ጓንት አጥልቄ ትኩስ ሳማ መቁረጥ የእኔ ድርሻ ሆነ። ሌንሷ ሳምንታት ሙሉ ከቦርሳዋ አልወጣችም። ሁለቱ ቢራቢሮ ሆነው በመስኮት በረሩ። ከሦስተኛዋ የወጣው ዝንብ ነው። ልጄ አለቀሰች። ማሪያም ይኸው ደርሶባት እንደነበር ነገርኳትና ደብተሯ ላይ ዝንቡንም ሣለችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማዴ ተለውጧል። በፊት አዲስ የመጣ ያገሬ ልጅ ሳገኝ ቀድሜ የምጠይቀው ወረቀት አገኘህ ወይ ብዬ ነበር። ክንፍ አወጣህ ወይ እንደማለት ነው። አሁን መጀመሪያ ምሳ በልቶ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር እጠይቀዋለሁ። የወረቀቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በሉ ደኅና ሰንብቱ። ቸር ይግጠመን!