ከብራና ሐረግ እስከ ጎልጎታ፤ የገብረክርስቶስ ደስታ መንገድ

የሰዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስ ደስታ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በየመድረኩ የሚነበበው “ሀገሬ” የተሰኘ ግጥሙ ነው። ሌላው ደግሞ አብስትራክት የምንለውን፣ የነገሮችን መልክ እንዳለ የማይገለብጠውን የአሳሳል ስልት በኢትዮጵያ ካስተዋወቁት ሰዎች ቀዳሚው መሆኑ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። አገሩን በቃላት እንዲያ አድርጎ ያሞገሰ ሰው፣ ብሩሽ ሲጨብጥ የባዕድ ሥዕል ይስላል ተብሎ የታማው ስለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከኮሎኝ ሳይሆን ከሐረር መነሳት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገብረክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። መጻሕፍትን በብራና ላይ በእጃቸው በመጻፍና በሥዕል በማስጌጥ ይታወቁ ነበር። እንግዲህ ልጁ ከሥዕል ጋር የተዋወቀው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በአባቱ ቤት ነው።

የብራና ሥራ ምን እንደሚመስል ላላየ አንባቢ ጥቂት ማለት ያሻል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ ይደርቃል። ከዚያ በወስፌ ይሰመራል። ቁም ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን ቀርጾ ሁለት ቀለም ያዘጋጃል፤ ጥቁርና ቀይ። በጥቁሩ ሐተታው ይጻፋል፤ ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም እንዲሁም ለምዕራፍ መነሻ ይቀመጣል። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ገጹን ሲያይ ክብር ያለው ቃል የቱ ጋ እንዳለ በቀለሙ ብቻ ያውቃል።

በገጹ አናትና ኅዳግ ላይ ደግሞ ሐረግ የሚባለው ጌጥ አለ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመሮች እርስ በርስ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። ስሙ የተክል ቢሆንም ሐረጉ ተክል ሆኖ አይሳልም። ሰውም አይደለም፣ እንስሳም አይደለም። መስመርና ቀለም ብቻ ነው። የማንንም መልክ የማይገለብጥ ሥዕል ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በየገዳሙ ዕቃ ቤት የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍት ከፍቶ ይመልከት።

ወጣቱ ገብረክርስቶስ ግን ወዲያው ሰዓሊ አልሆነም። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከተማረባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ በከተማዋ ምዕራብ፣ ከኮልፌ በማይርቀው ሰፈር የሚገኘው ጄኔራል ዊንጌት ነው። ከዚያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ሳይንስ ተማረ። የዚያን ዘመን የኮሌጅ ተማሪ ማለት የመንግሥት ሥራ፣ ደህና ደመወዝና ማዕረግ ደጁ ላይ የቆመለት ሰው ማለት ነው። እሱ ግን ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሥዕሉ አዘነበለ። ሰዓሊነት እንደ ሙያ ባልታየበት በዚያ ጊዜ ውሳኔው ቀላል አልነበረም።

በ1957 የምዕራብ ጀርመንን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኮሎኝ ሄደ። ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ከጋዩት አንዷ ናት። ገብረክርስቶስ ሲደርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና 12 ዓመቱ ነበር። የጀርመን ሥነ ጥበብም እንደ ከተማዋ ከፍርስራሹ እየተነሳ ነበር። ናዚዎች የዘመኑን ሰዓሊዎች ሥራ የተበላሸ ጥበብ ብለው በ1937 ሙኒክ ላይ ለመሳለቂያ አሳይተውት፣ ከየሙዚየሙም አስወጥተውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ትውልድ ያንን የተከለከለ ጥበብ እንደገና እየፈለገ ነበር። ኢትዮጵያዊው ተማሪ የጀርመን ኤክስፕሬሽኒስቶችን፣ እነ ካንዲንስኪንና እነ ፖል ክሌን ያገኛቸው በዚህ ስሜት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የአብስትራክት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ካንዲንስኪ ራሱ ሩሲያዊ ነበር፤ ከቀለም ጋር ከተዋወቀባቸው በሮች መካከልም የአገሩ ገበሬዎች ጎጆ ጌጥና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይገኙበታል። የሐረሩ ቁም ጸሐፊ ልጅ እነዚህን ሥራዎች ሲያይ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አልሆኑበትም ብሎ መገመት ስህተት አይሆንም። ቀለም ከመልክ ተለይቶ ብቻውን ሊናገር እንደሚችል የአባቱ ገጾች ቀድመው አሳይተውታል።

ትምህርቱን በ1961 በከፍተኛ ውጤት ጨርሶ፣ በዚያው በኮሎኝ ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ። አውሮፓ መቅረት ይችል ነበር። ሆኖም በ1962 አገሩ ተመልሶ፣ በአለ ፈለገሰላም መሥራችነት በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

በ1963 ሥራዎቹን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ ክርክር ተነሳ። ነገሩ አይገርምም። የዚያን ጊዜ ተመልካች ሥዕል ሲባል የሚያውቀው የሚተርክ ሥዕል ነው። የዐድዋ ጦርነት፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ የቅዱሳን ገድል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይን ኖሮት ፊት ለፊት ያያል፣ ኃጥኡ በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ የማን ወገን እንደሆነ ማንም አይስተውም። ገብረክርስቶስ ሸራ ፊት የቆመ ሰው ግን ታሪኩን የሚነግረው አላገኘም። ስለዚህ አንዳንዱ አልገባኝም አለ፤ ሌላው ሰዓሊው አገሩን ትቶ ፈረንጅ ሆኗል ብሎ ደመደመ።

በዚያው ዓመት የተሳለው “ጎልጎታ” ለዚህ ሐሜት ጥሩ መልስ ይመስለኛል። ርዕሰ ጉዳዩ ስቅለት ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሰዓሊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የሳሉት። ነገር ግን የለመድናቸው አልባሳትና አጃቢዎች እዚህ የሉም። ሥዕሉን የሚገዛው ቀይ ቀለም ነው። በብራናው ላይ ለቅዱሱ ስም ይቀመጥ የነበረው ቀይ እዚህ ገጹን ሁሉ ወርሶታል ማለት ይቻላል። ተመልካቹ ታሪኩን ስለሚያውቀው ሰዓሊው መተረክ አላስፈለገውም፤ ሕመሙን ብቻ አስቀመጠለት።

ሁለተኛው ምንጩ አዲስ አበባ ራሷ ነበረች። ከመርካቶ እስከ ኮልፌ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን ያውቃቸዋል፤ የዛገው ካልዛገው፣ አሮጌው ካዲሱ ተደራርቦ። ሌላው ድህነትን ብቻ ባየበት ቦታ ገብረክርስቶስ የቀለምና የቅርጽ ሥርዓት አየ፤ የቆርቆሮ ቤቶቹንም ሥዕል አደረጋቸው። በጎዳና የሚውሉ ሊስትሮዎችንም ስሏል። የባዕድ ሥዕል የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በ1965 የሥነ ጥበብ ሽልማቱን ሰጠው። በ1966 እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር፣ ተማሪዎቹ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን በአንድ ግቢ ውስጥ አገኙ። ገብረክርስቶስ በግጥሙም ቢሆን የተለመደውን ቤትና ምት እየሰበረ፣ ቃላትን እንደ ቀለም ያስቀምጥ ነበር።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሥዕል ሥራ ሌላ ጌታ መጣለት። የተፈለገው በቡጢ የተነሳ ክንድ፣ ባንዲራና የመሪ ምስል ነው። አንድ ሥዕል ምን እንደሚል ካድሬው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ለገብረክርስቶስ ይህ ከ1963ቱ ትችት የከበደ ነበር። ያኔ ተመልካቹ አልገባኝም ቢልም ሰዓሊው የፈለገውን ይስል ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቆ ወጣ። መጀመሪያ ወደ ወጣትነት አገሩ ጀርመን፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ። በ1981 በኦክላሆማ ግዛት፣ ሎውተን በምትባል ከተማ፣ 50 ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ባዕድ ተብሎ በአገሩ የተነቀፈው ሰው በእውነተኛው ባዕድ አገር ሞተ።

ግጥሞቹ “መንገድ ስጡኝ ሰፊ” በሚል ርዕስ ተሰብስበው የታተሙት እሱ ካረፈ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በ2008 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስድስት ኪሎ ላይ ከፈተ፤ ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም ተመለሱ። ሥዕሎቹን ለማየት ዕድል የሚያገኝ አንባቢ አንድ ነገር ቢያደርግ እንመክራለን። አስቀድሞ እዚያው ስድስት ኪሎ ግቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመልከት፤ ከዚያ ወደ ገብረክርስቶስ ሸራ ይሂድ። ከአለቃ ደስታ ቤት እስከ ኮሎኝ ያለው ርቀት እንደሚወራው ሩቅ እንዳልነበረ በዓይኑ ያረጋግጣል።