ጥቁሩ ሰማይ፦ የአንሰል አዳምስ ሕይወትና ሥራ

ካሜራ ይዞ ረጅም መንገድ የተጓዘ ባለሙያ ሁሉ ከሰማይ ጋር ያለበትን ሙግት ያውቃል። ዓይን ጥልቅ ሰማያዊ አድርጎ ያየውን ፊልም አንጥቶ ይመልሰዋል። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመስተዋት ኔጋቲቭ ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ንቁ ስለ ነበረ፣ በምዕራብ አሜሪካ በረሃዎች የተዘዋወሩት ቀደምት ፎቶግራፍ አንሺዎች ገደሉንና ተራራውን በሚያስደንቅ ጥራት ሲያስቀሩ፣ ሰማዩ ግን እንደ ባዶ ወረቀት ይቀርባቸው ነበር። አንዳንዶቹም ደመናን ከሌላ ኔጋቲቭ አምጥተው ያትሙበት ነበር። ሰማይን ከዚህ ባዶነት አውጥተው የሥዕሉ ዋና ተናጋሪ ካደረጉት ባለሙያዎች መካከል አንሰል አዳምስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

አዳምስ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1902 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የ1906ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረ፤ ከዋናው መንቀጥቀጥ በኋላ በተከተለው ንቅናቄ ወድቆ አፍንጫው ስለ ተሰበረ እስከ ዕለተ ሞቱ ጠማማ ሆኖ ቀረ። ትምህርት ቤት አልሆነለትም። አባቱም ከዚያ አስወጥቶ በቤት እንዲማር አደረገው። ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው ፒያኖ ነበረ፤ ሕይወቱንም በዚሁ ሙያ ለመምራት ቆርጦ ለብዙ ዓመታት ደከመ። በ1916 ከወላጆቹ ጋር ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ሲሄድ የሣጥን ካሜራ ተሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ያን ሸለቆ ሳያይ ያለፈ ዓመት የለም።

በኤፕሪል 1927 መሣሪያውን ተሸክሞ ሃፍ ዶም ከተባለው ዐለት ፊት ለፊት ካለ ከፍታ ላይ ሲደርስ የቀሩት ፕሌቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛውን በቢጫ ፊልተር አነሣ። ወዲያው ግን ሰማዩ ፈዝዞ እንደሚወጣና ዐለቱ ያሳደረበት ግርማ በሥዕሉ ላይ እንደማይገኝ ተረዳ። በመጨረሻው ፕሌት ላይ ጥቁር ቀይ ፊልተር ገጠመ፤ ሰማዩም ወደ ጥቁርነት ተለወጠ። አዳምስ ከመዝጊያው በፊት ፍጻሜውን በሐሳብ ማየት ያለውን ዘዴ ያገኘው በዚያች ቅጽበት ነው።

በ1930 በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ በታኦስ፣ የፖል ስትራንድን ኔጋቲቮች ካየ በኋላ ፒያኖውን ትቶ ለካሜራው አደረ። በ1932ም ከኤድዋርድ ዌስተንና ከሌሎች ጋር ሆኖ ኤፍ 64 የተባለውን ቡድን መሠረተ፤ ዓላማቸውም የደበዘዘና የተቀባባ፣ ሥዕልን የሚመስል ፎቶግራፍን መቃወም ነበረ። እዚህ ላይ ጥያቄ የሚያነሡ አሉ፤ ጥያቄውም ከንቱ አይደለም። ነገሩን እንዳለ አሳያለሁ የሚል ሰው እንዴት ቀትር ላይ ሌሊት የመሰለ ሰማይ ያትማል? እንደ እኔ አስተያየት ልዩነቱ ግልጽ ነው። አዳምስ ያልነበረ ደመና አልለጠፈም፤ የነበረው ብርሃን በየትኛው እርከን ላይ እንዲቀመጥ ወሰነ እንጂ። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚጠቀም ሁሉ ቀለምን ወደ ግራጫ መልሷልና፣ ከዚህ ውሳኔ የሚያመልጥ የለም፤ ሳያውቅ የሚወስን ግን ብዙ ነው። ይህን ውሳኔ ለማስተማር በ1940 ገደማ በሎስ አንጀለስ ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ ያለውን መሰላል በቁጥር የከፋፈለውን የዞን ሥርዓት አወጣ።

የሥርዓቱ ታላቅ ፈተና በ1941 መጸው ደረሰ። አዳምስ የብሔራዊ ፓርኮችን ግዙፍ ሥዕሎች እንዲያዘጋጅ ከአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውል ተቀብሎ ነበር። ከልጁ ከማይክልና ከወዳጁ ከሴድሪክ ራይት ጋር በቻማ ሸለቆ ውሎ፣ ቀኑ ሳይሳካለት ወደ ሳንታ ፌ ሲመለስ፣ ሄርናንዴስ በምትባል ትንሽ መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ አየ። ከበስተኋላው ልትጠልቅ የተቃረበችው ፀሐይ የመቃብሩን ነጫጭ መስቀሎች ታበራ ነበር። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ጓደኞቹን መሣሪያ እንዲያቀብሉት እየጮኸ ስምንት በአሥር ኢንች የሆነውን ትልቅ ካሜራ ተከለ። የብርሃን መለኪያው ግን ከዕቃው መካከል ሊገኝ አልቻለም።

ሌላ ሰው በግምት ይተኩስ ነበር። አዳምስ የጨረቃ ብርሃን በካሬ ጫማ 250 ካንድል መሆኑን ያስታውስ ነበርና ከዚያ ተነሣ። ጨረቃን ከነጭ ዝቅ ባለው በሰባተኛው ዞን ላይ አኖረ፤ ለ64 ኤ.ኤስ.ኤ. ፊልም በኤፍ 8 ከሴኮንድ አንድ ስድሳኛ የሚሆን ጊዜ ወጣለት፤ የፊልተሩን ሦስት እጥፍ ጨምሮ ዲያፍራሙን እስከ ኤፍ 32 ሲያጠብ አንድ ሴኮንድ ያህል ሆነ። ተኮሰ። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ለማንሣት የፊልሙን መያዣ ሲገለብጥ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ።

አንድ ብቻ የሆነው ኔጋቲቭ ለማተም እጅግ አስቸጋሪ ነበረ፤ የፊት ለፊቱ መሬት ሳስቷል። በ1948 ያን ክፍል ብቻ በኬሚካል አጠናከረው። ሰማዩ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ተለወጠ፤ በቀደሙት ህትመቶች ላይ ስስ ደመናዎች ይታያሉ፣ በኋለኞቹ ግን ጨረቃዋ ጥቁር በሆነ ባዶ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ኔጋቲቭን ከሙዚቃ ኖታ፣ ህትመትን ከአጨዋወቱ ጋር ያመሳስል የነበረው የቀድሞ ፒያኖ ተጫዋች ይህን አንድ ሥራ ከሺህ ሦስት መቶ ጊዜ በላይ በገዛ እጁ አትሟል። እኛ አንድ ጊዜ አትመን ኔጋቲቩን ወደ መሳቢያ መወርወር ለለመድን ሰዎች ቁጥሩ ጥቂት ያስደነግጣል።

በ1943 በማንዛናር በረሃ የታጎሩትን ጃፓናውያን አሜሪካውያን አነሣ፤ በ1944ም በመጽሐፍ አወጣው። በሞት ሸለቆ ደግሞ በመኪናው ጣራ ላይ ባሠራው መድረክ ላይ እያደረ፣ ጎሕ ሳይቀድ ካሜራውን ተሸክሞ በአሸዋው ክምር መካከል ይጓዝ ነበር። በ1975 ሥራዎቹ የሚጠበቁበትን የፎቶግራፍ ማእከል በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ፣ በቱሶን ከተማ፣ እንዲቋቋም አደረገ። ኤፕሪል 22 ቀን 1984 በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

የዲያፍራሙንና የመዝጊያውን ቁጥር አርባ ዓመት ያልረሳው አዳምስ የሄርናንዴስን ሥዕል ቀን አልመዘገበም ነበር፤ በተለያየ ጊዜም የተለያየ ዓመት ይሰጠው ነበር። ዴቪድ ኤልሞር የተባለ ሳይንቲስት በ1980 ከጨረቃዋ አቋም ተነሥቶ ኦክቶበር 31 ቀን 1941 ነው አለ፤ አዳምስም ተቀበለው። በ1991፣ አዳምስ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ዴኒስ ዲ ቺኮ ሒሳቡን እንደገና ሲሠራ ኖቬምበር 1 ቀን፣ ከቀኑ በ10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ሆኖ ተገኘ።