ጋሪ ጋይጋክስ እና የታተመው ጀብዱ፦ ከጠረጴዛ ትረካ ወደ መጽሐፍ

መግቢያ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች በጋራ የሚፈጥሩት የቃል ትረካ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን ይገልጻል፣ የጠላቶችን ድርሻ ይይዛል፣ በሕጉ መሠረት ይዳኛል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይወሰናል። ጨዋታው ለወራት ወይም ለዓመታት ሲቀጥል ዘመቻ ይባላል። ለዘመቻው የሚያስፈልገውን ጀብዱ መሪው ወይ ራሱ ይፈጥራል፣ ወይም ታትሞ ከቀረበለት ይመርጣል።

ይህ ሁለተኛው አማራጭ እንዲስፋፋ ከማንም ይልቅ ድርሻ ያለው አሜሪካዊው ኤርነስት ጋሪ ጋይጋክስ ነው። ሆኖም ጋይጋክስ መጀመሪያ ላይ የታተመ ጀብዱ ፈላጊ ይኖረዋል ብሎ አላመነም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ በመከተል፣ ሐሳቡ እንዴት እንደተለወጠና ሥራዎቹ ዛሬ ጀብዱ ለሚመርጥ መሪ ምን መለኪያ እንደሚሰጡ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የሥራ ዘመን

ጋይጋክስ ሐምሌ 27 ቀን 1938 በቺካጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከስዊዘርላንድ የፈለሰ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ቤተሰቡ በ1946 የእናቱ ወገኖች ወደሚኖሩባት ሌክ ጄኔቫ ወደምትባል የዊስኮንሲን ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ልጁ ሰንጠረዥንና የካርታ ጨዋታን ገና በጨቅላነቱ ተማረ፤ የጀብዱና የምናብ ታሪኮችንም አብዝቶ ያነብ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋረጠ። ከዚያም ጎልምሶና ትዳር መሥርቶ በቺካጎ በኢንሹራንስ ሥራ ተቀጠረ።

ከሥራው ውጭ ያለውን ጊዜ የሚወስድበት የጦር ሜዳ ጨዋታ ነበር። በ1968 የከተማውን የአትክልተኞች አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራይቶ ተጫዋቾችን ሰበሰበ። ጄን ኮን የተባለው ይህ ጉባኤ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል። በ1970 ግን የኢንሹራንስ ሥራውን አጣ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ምድር ቤት ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን ሲያስተዳድር፣ የቀረውን ሰዓት የጨዋታ ሕግ በመጻፍ ያሳልፍ ነበር።

በ1971 ከጄፍ ፔረን ጋር ቼይንሜይል የተባለውን የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጨዋታ ሕግ አሳተመ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ ጠንቋዮች፣ ስለ ዘንዶዎችና ስለ ጀግኖች የሚናገር ክፍል ተጨምሮበት ነበር። የሚኒሶታው ዴቭ አርነሰን ይህንን ይዞ በብላክሙር ዘመቻው እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት መምራቱን ትቶ አንድ ሰው ብቻ እንዲወክል አደረገ። በ1972 መጨረሻ ገደማ አርነሰን ጨዋታውን በሌክ ጄኔቫ ሲያሳይ ጋይጋክስ ወዲያው ተማረከ፤ እሱም ግሬይሆክ የተባለ ግንብ ፈጥሮ ለልጆቹና ለወዳጆቹ ያጫውት ጀመር።

በ1973 ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር ታክቲካል ስተዲስ ሩልስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በጥር 1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ በ1,000 ቅጂ ታተመ። ሣጥኖቹ የተገጣጠሙት በእጅ ነበር።

የጥርጣሬው ዘመን

የመጀመሪያው እትም ሕግ እንጂ የተዘጋጀ ጀብዱ አልያዘም። ጋይጋክስና ባልደረቦቹ መሪዎች የራሳቸውን ዓለም መፍጠር ከጨዋታው ደስታ ዋነኛው ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ሌላ ሰው የፈጠረውን ገዝቶ መጠቀም ለብዙዎች የሚያጓጓ አልመሰላቸውም። በ1975 በወጣው የብላክሙር ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ የአርነሰን የእንቁራሪት ቤተ መቅደስ ጀብዱ ቢካተትም፣ ብቻውን የሚሸጥ መጽሐፍ አልነበረም።

ገበያው ግን ሌላ ነገር ተናገረ። በ1976 ዊ ዋሪየርስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ የቫምፓየሯ ንግሥት ቤተ መንግሥትን የሚገልጽ ራሱን የቻለ ጀብዱ አወጣ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የቦብ ብሌድሶው ጀጅስ ጊልድም ለመሪዎች የሚሆኑ ካርታዎችና ከተሞች በማሳተም ብዙ ደንበኛ አፈራ። ሥራ ያለው፣ ቤተሰብ ያለው፣ ነገር ግን በየሳምንቱ አዲስ ዋሻ ለመንደፍ ጊዜ የሌለው መሪ በብዛት እንዳለ ተገለጠ።

የ1978 መታጠፊያ

ጋይጋክስ በ1978 የተጫዋቾችን መመሪያ እየጻፈ ሳለ፣ ከሕግ ጽሑፍ ለማረፍ ብሎ ስለ ግዙፎች የሚተርኩ ሦስት ተከታታይ ጀብዱዎችን ጻፈ። ወዲያው ሌሎች ሦስት ተከተሏቸው። እያንዳንዳቸው ቀጭን ጥራዞች ነበሩ፤ ከጥራዙ የሚለየው ሽፋን በውስጥ ገጹ ካርታውን ይዞ በመሪውና በተጫዋቾቹ መካከል መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል። ተጫዋቾቹ በኮረብታ ግዙፎች ይጀምራሉ፤ ወደ በረዶና ወደ እሳት ግዙፎች ይሻገራሉ፤ በመጨረሻም ከወረራው ጀርባ ያሉት ከምድር በታች የሚኖሩ ጥቁር ኤልፎች መሆናቸው ይገለጣል። ከግዙፎቹ እስከ ኤልፎቹ ከተማ የሚዘልቀው ይህ መስመር፣ የታተሙ ጀብዱዎች ተያይዘው አንድ ዘመቻ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳየ።

ሦስት መልሶች

በዚህ ዘመን ከታተሙት የጋይጋክስ ሥራዎች ሦስቱን ማነጻጸር፣ የታተመ ጀብዱ ለመሪው ምን ያህል ነጻነት መተው አለበት ለሚለው ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች ይሰጣል።

የመጀመሪያው በ1978 የታተመው የአስፈሪዎቹ መቃብር ነው። በ1975 በኦሪጅንስ ጉባኤ ለውድድር ቀርቦ ነበር። በውስጡ የሚዋጉት ጠላት ጥቂት ነው፤ ወጥመዱ ግን ብዙ ነው። በገጸ ባሕርያቸው ጉልበት የሚመኩትን ለመፈተን የተሠራ በመሆኑ አንዲት የተሳሳተች እርምጃ ትገድላለች። ለአንድ ቀን ውድድር ፍጹም ተስማሚ ነው። ተጫዋቾች ለዓመታት ያሳደጉትን ገጸ ባሕርይ ይዘው ሲገቡበት ግን ዘመቻውን ራሱን ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ጀብዱ የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ሥራው ለየትኛው ጠረጴዛ እንደተወለደ ነው።

ሁለተኛው ለጀማሪዎች በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ የተካተተው የጠረፉ ምሽግ ነው። ምሽጉ፣ በዙሪያው ያለው ምድረ በዳ፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ጭራቆች የሚኖሩባቸው ዋሻዎች ተገልጸዋል። የምሽጉ ነዋሪዎች ግን በሹመታቸው ወይም በሙያቸው እንጂ በስም አይጠሩም፤ ስም ማውጣት ለመሪው ተትቷል። ተጫዋቾች ወደ የትኛው ዋሻ ቀድመው እንደሚገቡ፣ ከማን ጋር ተዋግተው ከማን ጋር እንደሚደራደሩ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ክፍተቱ ጉድለት ሳይሆን ለአዲስ መሪ የተሰጠ የሥራ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው በ1979 የታተመው የሆምሌት መንደር ነው። እዚህ የመንደሩ ቤቶችና ነዋሪዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል፤ አንዳንዶቹም ሰላዮች ናቸው። ጀብዱው በአቅራቢያው ወዳለ የክፋት ቤተ መቅደስ እንደሚያመራ ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን ተከታዩ መጽሐፍ የወጣው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1985፣ በፍራንክ ሜንትዘር እጅ ተጠናቆ ነው። በ1979 ገዝተው የጀመሩ መሪዎች የቀረውን ራሳቸው ፈጥረው ከመጨረስ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ተከታታይ ጀብዱ ለሚመርጥ ሰው መጨረሻው በእጁ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ያልታተመው ግንብ

የጋይጋክስ የኋላ ሕይወት ጥያቄውን ያጠነክረዋል። አርነሰን በ1979 ስለ ፈጠራው ባለቤትነትና ክፍያ ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት አለቀ። ጋይጋክስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጨዋታውን ወደ ቴሌቪዥንና ፊልም ለማስገባት ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ሲመለስ ድርጅቱን በዕዳ ተውጦ አገኘው። በ1985 የድርጅቱን የበላይነት አጣ፤ በ1986 ጨርሶ ለቀቀ። የግሬይሆክ ስምና ዓለም ከድርጅቱ ጋር ቀረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ለብዙ ዓመታት ያጫወተበት ግንብ በእሱ እጅ ተሟልቶ አለመታተሙ ነው። የግንቡ ማስታወሻዎች አጫጭር ነበሩ፤ አብዛኛውን በጨዋታው ሰዓት ከአእምሮው እያፈለቀ ይሞላው ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግንቡን በሌላ ስም ማሳተም ቢጀምርም፣ ሥራው ሳያልቅ መጋቢት 4 ቀን 2008 በሌክ ጄኔቫ በ69 ዓመቱ አረፈ።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነው ሕይወት የሚያሳየው፣ የታተመ ጀብዱ የአንድ ጠረጴዛ ትረካ ቅሪት እንጂ ትረካው ራሱ አለመሆኑን ነው። ካርታው፣ ወጥመዱና የነዋሪዎቹ ዝርዝር በወረቀት ይሰፍራሉ፤ መሪው ለተጫዋቾቹ ድንገተኛ ሐሳብ የሚሰጠው መልስ ግን አይሰፍርም። ስለዚህ ለዘመቻው ጀብዱ የሚመርጥ ሰው የመጽሐፉን ዝና ብቻ መመልከቱ አይበቃውም። ሥራው ለምን ዓይነት ጨዋታ እንደተዘጋጀ፣ ለመሪው ምን እንደተወለት፣ ታሪኩም የተሟላ መሆኑን መመርመር ይኖርበታል። ጋይጋክስ መሪዎች የራሳቸውን ዓለም ይፈጥራሉ ብሎ ማሰቡ ስለ ገበያው ስሕተት ነበር። ስለ ጨዋታው ግን እውነት ሆኖ ቀርቷል፤ ከሥራዎቹ መካከል ለአዲስ መሪ ይበልጥ የሚጠቅመውም ስሞቹን ሳይሞላ የተወው ምሽግ ነው።