የሚቀልጠው ሽቦ፤ ቶማስ ኤዲሰንና የቤት መብራት አደጋ

የቶማስ አልቫ ኤዲሰን ስም ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው አምፖሉን ነው። እኛ ግን ዛሬ ወደ ሕይወቱ የምንገባው በሌላ በር ነው፤ ከቆጣሪው አጠገብ ተሰቅላ አቧራ በምትጠጣው፣ መብራት ሲጠፋ ብቻ በምናስታውሳት የፊውዝ ሣጥን በኩል።

ኤዲሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ኦሃዮ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ተወለደ፤ ቀጥለን የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ ያስተማረችው እናቱ ናት። በልጅነቱ በባቡር ላይ ጋዜጣ እየሸጠ በዕቃ መጫኛው ፉርጎ ውስጥ የኬሚስትሪ መሞከሪያ አበጀ። አንድ ቀን ፎስፎረስ ወድቆ ፉርጎው እሳት ስለ ያዘ ልጁ ከነጠርሙሶቹ ተባረረ። ከእሳት ጋር የነበረው ጉዳይ ግን በዚህ አላበቃም።

በ1879 አምፖሉን ከሠራ በኋላ የቀረው ሥራ ከአምፖሉ የከበደ ነበር፤ ይኸውም ኤሌክትሪኩን ሰው በሚተኛበት ቤት ያለ ጥፋት ማስገባት ነው። ሽቦ ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፤ ሁለት ራቁት ሽቦዎች ሲነካኩማ ግለቱ ወዲያው እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ኤዲሰን በመስመሩ መካከል ሆን ብሎ ደካማ ሽቦ አስገባ። ኤሌክትሪኩ ከመጠን ሲያልፍ ይህ ሽቦ ከሌላው ቀድሞ ቀልጦ ይበጠሳል፤ መንገዱም ይቆረጣል። ለዚህ ሥራው በ1880 የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ያለ ድንጋጤ አላለፉም። በኑውዮርክ በባለጸጋው በቫንደርቢልት ቤት መብራቱ በበራበት ምሽት፣ ሽቦዎቹ በግድግዳው ሐር ላይ ከተሸመነው የብረት ክር ጋር ተነካክተው ክሩ ፍም መሰለ። ኤዲሰን ነገሩ ስለገባው ወዲያው እንዲያጠፉት አዘዘና እሳቱ ከሰመ። እመቤቲቱ ግን ከምድር ቤት የእንፋሎት ማሞቂያ መኖሩን ስትሰማ በዚያ ላይ አልኖርም ስላለች መሣሪያው ሁሉ ተነቅሎ ወጣ። የባንክ ባለቤቱ ሞርጋንም ጠረጴዛውና ምንጣፉ ተቃጥለውበታል፤ እርሱ ግን መስመሩን አሳደሰ እንጂ መብራቱን አልተወም።

ፊውዝ ሲቃጠል ወፍራም የመዳብ ሽቦ የሚያስር ሰው ዘበኛውን አባሮ በሩን ክፍት እንደሚተው ነው። ቫልቮላውን የሚተካው ልኩ አንድ የሆነ ሌላ ቫልቮላ ነው። ዛሬ በብዙ ቤቶች ያለው ራሱ የሚዘጋው ብሬከርም ደጋግሞ ከወረደ ሕመሙ ያለው በመስመሩ ወይም በተሰካው ዕቃ ነው፤ በግድ ይዞ ማቆየት አይገባም። ብዙዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ፊውዝ ቤትን ከእሳት ይጠብቃል እንጂ እጅን አይጠብቅም። አሥር አምፔር የሚችል ፊውዝ ሳይሰማው፣ የአንድ አምፔር መቶኛ ጥቂት እጅ ሰው ሊገድል ይችላል። ዋናው ማጥፊያ ከወረደም በኋላ ከቆጣሪው ወደ ሣጥኑ የሚገቡት ሽቦዎች ኤሌክትሪክ እንደያዙ ናቸው፤ እነርሱን መንካት የባለሙያ ሥራ ነው፤ በእርጥብ እጅ ደግሞ ሣጥኑን መክፈትም አይገባም።

ኤዲሰን ይህን ኃይል ለክርክርም ተጠቅሞበታል። በ1888 የተወዳዳሪዎቹ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ገዳይ መሆኑ እንዲታይ በቤተ ሙከራው ውሾች እንዲገደሉ ፈቀደ። ይህን ሥራውን አንወድለትም፤ በክርክሩም ተሸንፏል።

በጥቅምት 1931 በ84 ዓመቱ ሲሞት፣ ለክብሩ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሙሉ ለአንድ ደቂቃ ይቋረጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ ስለተገኘ፣ ፕሬዚዳንት ሁቨር ሕዝቡ በቀብሩ ዕለት ማታ መብራቱን ለአንድ ደቂቃ እንዲያጠፋ ጠየቁ።