ቮልት ወይስ ኦም? የሐሪ ዋርድ ሌናርድ ሕይወትና የቀጥተኛ ጅረት ሞተር የፍጥነት ቁጥጥር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ የአሜሪካዊውን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሐሪ ዋርድ ሌናርድን (1861–1915) ሕይወት ከአንድ የምሕንድስና ጥያቄ ጋር አያይዞ ይመረምራል። ጥያቄው የቀጥተኛ ጅረት ሞተርን ፍጥነት ለመቀነስ ትርፉን ቮልቴጅ በሬዚስተር ማቃጠል ይሻላል ወይስ ለሞተሩ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ብቻ መስጠት የሚል ነው። ሌናርድ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ጽሑፉ ምርጫው በዘመኑ ያስከፈለውን ዋጋ ካሳየ በኋላ፣ ዛሬ ለትንንሽ ሞተሮች መቆጣጠሪያ በሚመረጥበት ጊዜም ያው ጥያቄ እንደሚነሣ ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ዋርድ ሌናርድ፣ ቀጥተኛ ጅረት ሞተር፣ የፍጥነት ቁጥጥር፣ ሬዚስተር

መግቢያ

የቀጥተኛ ጅረት ሞተር ፍጥነት በዋናነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በአርማቸሩ ላይ በሚያርፈው ቮልቴጅና በመግነጢሳዊ መስኩ ብርታት። ቮልቴጁ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ መስኩ ሲዳከምም እንዲሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መሐንዲሶች ይህን ሕግ ያውቁት ነበር፤ በሥራ ላይ ማዋሉ ግን ቀላል አልነበረም። መብራቶች የሚፈልጉት ቋሚ ቮልቴጅ በመሆኑ የከተማ ማመንጫ ጣቢያዎች ለደንበኞቻቸው የሚያቀርቡት አንድ የተወሰነ ቮልቴጅ ነበር። ስለዚህም ሞተሩን ማዘግየት የፈለገ ባለሙያ በጅረቱ መንገድ ላይ ሬዚስተር ያስገባና ከቮልቴጁ ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ እንዲባክን ያደርግ ነበር። ዘዴው ርካሽና ቀላል ነው። ሌናርድ አብዛኛውን የሙያ ዘመኑን ያዋለው ይህ ርካሽ ዘዴ በእርግጥ ርካሽ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራ

ሐሪ ዋርድ ሌናርድ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1861 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ተወለደ። በ1883 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመርቆ፣ በተከታዩ ዓመት የቶማስ ኤዲሰንን የማዕከላዊ ማመንጫ ጣቢያ ሥርዓት እንዲያስፋፉ ከተመደቡት ጥቂት መሐንዲሶች አንዱ ሆነ። የኤዲሰን የፐርል ጎዳና ጣቢያ በኒው ዮርክ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ሌናርድ በ1880ዎቹ መገባደጃ ወደ ቺካጎ አቅንቶ ከባልደረባው ጋር የራሱን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱን የኤዲሰን ኩባንያ ሲገዛው ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ የመብራትና የኃይል ክፍሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም።

ይህ የሥራ ልምድ ለኋለኛው ሐሳቡ መሠረት እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ሌናርድ ሞተርን የተመለከተው እንደ ተነጣጠለ ማሽን ሳይሆን ከጄኔሬተሩና ከመስመሩ ጋር በአንድ ሰንሰለት እንደ ታሰረ ቀለበት ነው። የቮልቴጁን መጠን እንደ ማይለወጥ ነገር የሚቀበል ሰው መፍትሔውን በሞተሩ ዙሪያ ብቻ ይፈልጋል። ጄኔሬተሩንም የሚያውቅ ሰው ግን ቮልቴጁ ራሱ ለምን አይለወጥም ብሎ መጠየቅ ይችላል።

የ1891ዱ ሥርዓት

ሌናርድ ዛሬ በስሙ ለሚጠራው ሥርዓት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው በ1891 ነው። ሥርዓቱ ሦስት ማሽኖችን ያቀናጃል። የመጀመሪያው በቋሚ ፍጥነት የሚሽከረከር አንቀሳቃሽ ነው፤ ይህም የእንፋሎት ሞተር ወይም ከመስመሩ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በዚሁ አንቀሳቃሽ የሚዞር ጄኔሬተር ነው። ሦስተኛው ሥራውን የሚያከናውነው ሞተር ሲሆን፣ የሞተሩ አርማቸር በቀጥታ ከጄኔሬተሩ አርማቸር ጋር ይገናኛል፤ መግነጢሳዊ መስኩ ግን ከሌላ ምንጭ ቋሚ ጅረት ያገኛል።

የሥርዓቱ ቁልፍ ያለው በጄኔሬተሩ መስክ ላይ ነው። መስኩን የሚያበረታው ጅረት ከዋናው ጅረት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአንዲት አነስተኛ ሪዮስታት ሊስተካከል ይችላል። ይህች ትንሽ ጅረት ስትጨምር የጄኔሬተሩ ቮልቴጅ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ሞተሩም ያለ ንዝረት ከቆመበት ተነሥቶ ይፈጥናል። የመስኩ ጅረት አቅጣጫ ሲገለበጥ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። የተሸከመው ክብደት ወደ ታች በሚወርድበት ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ይመልሳል። በዚህ መንገድ ማስነሣት፣ ማፍጠን፣ ማዘግየት፣ ወደ ኋላ መመለስና መግታት ሁሉ በአንድ ትንሽ እጀታ ተጠቃለሉ።

ክርክሩ በቁጥር ሲታይ

ሌናርድ ሐሳቡን በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ፊት ደጋግሞ አቅርቧል። በ1896 ያቀረበው ጥናት በርዕሱ ሳይቀር ቮልትንና ኦምን ፊት ለፊት ያፋጠጠ ነበር። የክርክሩን ፍሬ ነገር በአንድ ትንሽ ሞተር ስሌት ማሳየት ይቻላል።

በ12 ቮልት የሚሠራ፣ የአርማቸሩ የውስጥ ተቃውሞ 1 ኦም የሆነ፣ ሸክሙን ተሸክሞ 2 አምፔር የሚወስድ ባለ ቋሚ ማግኔት ሞተር እንውሰድ። ከ12 ቮልቱ 2 ቮልት በውስጥ ተቃውሞው ይጠፋል፤ ቀሪው 10 ቮልት ከፍጥነቱ ጋር የሚመጣጠነው መላሽ ቮልቴጅ ነው። ሸክሙ ሳይለወጥ ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ መላሽ ቮልቴጁ 5 ቮልት መሆን ይኖርበታል። ይህን ለማድረግ 2.5 ኦም ሬዚስተር ቢጨመር፣ ከምንጩ ከሚወጣው 24 ዋት ውስጥ 10 ዋት በሬዚስተሩ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ብክነቱ ግን የችግሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሸክሙ ቀሎ ጅረቱ ወደ 1 አምፔር ቢወርድ፣ በሬዚስተር የሚሠራው ሞተር መላሽ ቮልቴጅ ከ5 ወደ 8.5 ቮልት ያሻቅባል፤ ፍጥነቱ በ70 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። በሬዚስተሩ ፈንታ ለሞተሩ ከመጀመሪያውኑ 7 ቮልት ቢሰጠው ኖሮ መላሽ ቮልቴጁ ከ5 ወደ 6 ብቻ ከፍ ይል ነበር፤ የፍጥነቱ ጭማሪም 20 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ሬዚስተር ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይቆጣጠርም። ፍጥነቱን የሚወስነው ሸክሙ ነው።

የሦስት ማሽኖች ዋጋ

ለሥርዓቱ የሚቀርበው ተቃውሞ ግልጽ ነበር። አንድ ሞተር ለሚሠራው ሥራ ተመጣጣኝ አቅም ያላቸው ሦስት ማሽኖች መግዛት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ማሽን 90 በመቶ ብቃት ቢኖረው እንኳ የሦስቱ ድምር ብቃት ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። ሙሉውን ቀን በአንድ ፍጥነት ለሚሠራ ፓምፕ ይህ ሁሉ ወጪ ትርጉም የለውም። ደጋግሞ ለሚነሣ፣ ለሚቆምና አቅጣጫ ለሚለውጥ ማሽን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል።

ሥርዓቱ ቦታ ያገኘውም እንዲህ ባሉ ሥራዎች ላይ ነው። በ1896 አገልግሎት የጀመረችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ብሩክሊን ከአራቱ ተሽከርካሪ የመድፍ ማማዎቿ ሁለቱ በእንፋሎት፣ ሁለቱ በኤሌክትሪክ እንዲዞሩ ተደርጎ ሲነጻጸር ብልጫው የኤሌክትሪኩ ሆነ። ማማን በዝግታና በትክክል ማዞር የሌናርድ ሥርዓት የተዋጣለት ተግባር ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ኢልግነር በሥርዓቱ ላይ ኃይል የሚያጠራቅም ከባድ መንኮራኩር ጨመረበት፤ ይህም ለማዕድን ጉድጓድ ማንሻዎችና ለብረት መዳመጫ ፋብሪካዎች አመቺ አደረገው። በረጃጅም ሕንጻዎች አሳንሰሮች ላይ ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል።

የሬዚስተር ተቃዋሚ፣ የሬዚስተር አምራች

በሌናርድ ሕይወት ውስጥ ተቃርኖ የሚመስል አንድ ነገር አለ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በራሱ ስም ያቋቋመው ኩባንያ ዝነኛ የሆነው በሪዮስታት፣ በቲያትር ቤት መብራት ማደብዘዣና በሬዚስተር ምርቶቹ ነው። በኦም መቆጣጠርን አጥብቆ የተቃወመ መሐንዲስ ስሙ በኦም መሸጫ ላይ ተጽፎ ቀረ።

ነገሩ በጥልቀት ሲታይ ግን ተቃርኖው ይቀልላል። የሌናርድ ሥርዓት ራሱ ያለ ሪዮስታት አይሠራም። ልዩነቱ ያለው ሬዚስተሩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። በዋናው የጅረት መንገድ ላይ የተቀመጠ ሬዚስተር የሥራውን ኃይል ይበላል፤ በመስኩ መንገድ ላይ የተቀመጠ ግን ትንሽ ኃይል ወስዶ ትልቁን ኃይል ያዛል። ሌናርድ የተቃወመው የሬዚስተሩን ቦታ እንጂ ሬዚስተሩን አልነበረም።

ሌናርድ በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1915 በኒው ዮርክ፣ ሐሳቡን ለዓመታት ሲሟገትለት የኖረው የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ዓመታዊ የእራት ግብዣ ላይ ሳለ በድንገት አረፈ። ዕድሜው 54 ዓመት ከአሥር ቀን ነበር።

ከሦስት ማሽኖች ወደ አንዲት ሰሌዳ

ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ታይሪስተር፣ ቀጥሎም ትራንዚስተር የጄኔሬተሩን ቦታ ወሰዱ። ዛሬ ለትንሽ ሞተር የሚገጠም መቆጣጠሪያ ቮልቴጁን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ሞተሩ የሚያገኘውን አማካይ ቮልቴጅ ይወስናል። በ12 ቮልት ምንጭ ላይ ከጊዜው 58 በመቶ ያህል ክፍት ቢሆን ከላይ የተጠቀሰው 7 ቮልት ይገኛል። የሌናርድ መርሕ ሳይለወጥ ዋጋው ወረደ።

መርሑን የተረዳ ተጠቃሚ መቆጣጠሪያ ሲመርጥ የሚያያቸው ነገሮች ከዚሁ ይመነጫሉ። አንደኛው የጅረት አቅም ነው። በምሳሌው የተጠቀሰው ሞተር በሥራ ላይ 2 አምፔር ቢወስድም፣ ቆሞ ሳለ ሙሉ 12 ቮልት ቢያርፍበት 12 አምፔር ይስባል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ወይ ይህን መቻል፣ ወይ ጅረቱን መገደብ አለበት። ቮልቴጁን ከዜሮ ቀስ በቀስ ማሳደግ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ሞተሩ ወደ ሁለቱም ወገን እንዲዞር ከተፈለገ በአራት ማብሪያዎች የተዋቀረ ድልድይ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የሚመለሰው ኃይል ነው። ሞተሩ በሚገታበት ጊዜ የሚያመነጨውን ጅረት ባትሪ ይቀበለዋል፤ ጅረት መልሶ የማይቀበል የኃይል አቅራቢ ግን ቮልቴጁ አለቅጥ ከፍ ሊልበት ይችላል።

ማጠቃለያ

የዋርድ ሌናርድ ሕይወት የሚያስተምረው ስለ አንድ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የመቆጣጠሪያ ዋጋ በመግዣው ብቻ የሚመዘን ከሆነ ሬዚስተር ሁልጊዜ አሸናፊ ነው። በሚባክነው ኃይልና ሸክሙ ሲለዋወጥ በሚታየው የፍጥነት መዋዠቅ ሲመዘን ግን ውጤቱ ይለያል። ሌናርድ በዘመኑ ሦስት ማሽኖች የጠየቀው ትክክለኛው መፍትሔ ውድ እንደ ሆነ እያወቀ ነበር፤ ዛሬ ያው መፍትሔ በመዳፍ በምትያዝ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። በመሆኑም በሞተሩ ዋና መንገድ ላይ ሬዚስተር ከማስገባት በፊት የቮልቴጁን ምንጭ መመርመር፣ ከ1891 ይልቅ ዛሬ በእጅጉ የቀለለ ግዴታ ሆኗል።