የሻምበል አበበ ቢቂላ የሕይወት ታሪክ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ አገር አቋራጭ ሩጫ ለመጻፍ አሰብሁ። በየዓመቱ ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ልጆች ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ የቀናቸውም ወደ አገር አቀፍ ውድድር ሲሄዱ እናያለን። ሲመለሱ ግን የምንጠይቃቸው ስንተኛ እንደ ወጡ ብቻ ነው። አንደኛ ያልወጣው አንገቱን ደፍቶ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ እኔም አንገታቸውን ደፍተው ከገቡት አንዱ ነበርሁ። ስለዚህ በአገሩ ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ የነበረውን፣ በኋላ ግን የዓለምን ሯጮች ከኋላው ያስከተለውን የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጓደኞቼ በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ።

ርቆ ሄዶ መፈተን ለጋይንት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን በቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ይገኛል። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል ተብሎ የሚታመነው ቤተ ልሔም መጥቶ ካስመሰከረ በኋላ ነው። የጥንቱ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ብዙ ጊዜም በባዶ እግሩ፣ የጉናን ብርድ ታግሦ ይመጣ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ያልተሳካለትም ተመልሶ ይቀጽላል እንጂ ድጓውን ጥሎ አይሄድም። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አበበም በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረና።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ይህ አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ነገር ግን ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ሳያነሡት አያልፉም፣ እኔም ሳላነሣው ማለፍ አልሆነልኝም። አበበ ገና ሕፃን ሳለ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስለ ወረረ ቤተ ሰቡ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ ፊደል ሲቈጥርና ገና ሲጫወት አደገ። በገና ጨዋታ እጅግ ብርቱ እንደ ነበረ ይነገራል። ገና የተጫወተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሩሯን ተከትሎ ከአንዱ መንደር ሜዳ እስከ ሌላው መንደር ዳር መሮጥ ያለ አሠልጣኝ የሚገኝ ሥልጠና ነው።

አበበ ጐልማሳ በሆነ ጊዜ እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣና በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ያን ጊዜ ለገጠር ልጅ ወደ ትልቅ ውድድር የሚያስገባው ዋናው በር የጦር ሠራዊቱ ነበረ። ክብር ዘበኛ ወታደሮቹን በስፖርት ያሠለጥን ነበር፤ አሠልጣኙም ከስዊድን የመጣው ኦኒ ኒስካነን ነበረ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ልትካፈል ቡድኗን ወደ ሜልቦርን ላከች። አበበ በዚያ ቡድን ውስጥ አልነበረም። ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት የአገራቸው ስም በልብሳቸው ጀርባ የተጻፈባቸውን ሰዎች በሰልፍ ሲያልፉ አይቶ፣ ማን እንደ ሆኑ ጠይቆ በተረዳ ጊዜ፣ እርሱም አንድ ቀን ያንን ልብስ ለመልበስ በልቡ ቈረጠ።

ያ የሜልቦርን ቡድን አንድም ሜዳሊያ ይዞ አልተመለሰም። ከሯጮቹ መካከል ማሞ ወልዴ የተባለው ወጣት በ800 እና በ1500 ሜትር ተወዳድሮ ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። አንባቢ ይህን ስም እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አበበም ቢሆን በዚያው ጊዜ ገደማ በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ተሰልፎ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ዋሚ ቢራቱ ነበረ። ዋሚ በዚያ ዘመን በአገሩ ውስጥ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ሯጭ ነበረና፣ ከእርሱ ቀጥሎ መግባት የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። አበበ ግን በሁለተኛነቱ አልረካም፤ ተስፋም አልቈረጠም። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ ኮረብታዎች እየሮጠ ይሄድና ይመለስ ነበር። ኒስካነንም ረጅሙን የዳገት ሩጫ በሰዓት ከሚለካ አጭርና ፈጣን ሩጫ ጋር እያቀላቀለ አሠለጠነው። ብዙ ሰው ደጋ መወለድ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆንማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍ ባለችው በነፋስ መውጫ የተወለድን ሁሉ የኦሊምፒክ ባለሜዳሊያ በሆንን ነበር! ደጋው ሳንባን ያሰፋል፤ እግርን የሚያፈጥነው ግን ልምምድ ነው።

የአበበ ልምምድ ፍሬው የታየው በ1952 ዓ.ም. ክረምት ነው። በአዲስ አበባ በተደረገው የማራቶን ማጣሪያ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። ይህም የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር፤ ያውም አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ። በውጭ አገር ግን ይህን ወሬ ከቁም ነገር የቈጠረው ሰው ጥቂት ነበር።

ስለ ጫማው ነገር ጥቂት ልበል፤ በዚህ ጉዳይ የተሳሳተ ወሬ ሲነገር ስለምሰማ ነው። አበበ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ አይደለም። ሮማ ከደረሰ በኋላ አዲስ ጫማ ገዝቶ ነበር፤ ነገር ግን ጫማው ስላልተስማማውና እግሩን ስላቈሰለው አውልቆ ተወው። በባዶ እግር መሮጥም ከልጅነቱ የለመደው ነገር ነበረ። ስለዚህ ድህነት አስገድዶት ሳይሆን አስቦ የመረጠው ነገር ነው።

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበረ። በአገራችን የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነበር ማለት ነው። በሮማ ሙቀት ምክንያት ሩጫው ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ አለቀ፤ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ከኢትዮጵያ የተሰለፉት አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ ነበሩ። አበበ ቢቂላ በመጀመሪያ ከመሪዎቹ ኋላ ተደብቆ ቈየ፤ ወደ እኩሌታው ሲደረስ ግን ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣ። ሁለቱ አፍሪካውያን ትከሻ ለትከሻ ሆነው ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጡ። ከመጨረሻው አቅራቢያ ፋሺስት ከአገራችን ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበና ኒስካነን ቀደም ብለው መንገዱን ሲመረምሩ ፍጥነት የሚጨመርበት ስፍራ ይህ እንዲሆን ተስማምተው ነበርና፣ አበበ እዚያ ሲደርስ ተፈተለከ። የቈስጠንጢኖስን የድል ቅስት ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ አለፈ። ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲሆን፣ የዓለሙን ክብረ ወሰን በአንድ ሰከንድ ያህል አሻሻለ። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል፤ ዛሬ ሮማ ሄዶ አበበ የተፈተለከበትን ስፍራ የሚፈልግ ሰው ሐውልቱን አያገኘውም።

አበበ ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሸለሙት፣ ማዕረጉንም ከፍ አደረጉለት። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበ በሤራው ባይኖርበትም የዚያው ሠራዊት ወታደር ስለ ነበረ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ከተጠየቀ በኋላ ተለቀቀ። በዚያው በፈረንጆች 1961 ዓመት በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺሴ ማራቶን ተከታትሎ አሸነፈ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ያልቀናው ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር በቦስተን ማራቶን ተሰለፉ። ሁለቱም በመጀመሪያ እንደ ነፋስ በረሩ፤ በኋላ የቦስተን ዳገትና ቀዝቃዛ ነፋስ አደከማቸው። አበበ አምስተኛ፣ ማሞ ዐሥራ ሁለተኛ ሆነው ገቡ። አበበ በውጭ አገር ጀምሮ ከፈጸማቸው ማራቶኖች ሁሉ ያላሸነፈው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ተሸነፍሁ ብሎ ግን አላቋረጠም፤ መስመሩን አልፏል። በአገር አቋራጭ የቡድን ውድድር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የቡድን ውጤት የሚታወቀው የሚቈጠሩት ሯጮች የገቡበት ተራ ተደምሮ ድምሩ ያነሰው ሲያሸንፍ ነውና፣ ደክሞት በመጨረሻ የገባው ልጅም ቡድኑን ሊያድን ይችላል። በ1973 ዓ.ም. በማድሪድ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የኢትዮጵያ ሯጮች አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው ጕልበታቸውን ቢጨርሱም፣ ተስፋ ሳይቈርጡ የቀረውን ዙር ሮጠው በቡድን አንደኛ ወጥተዋል።

ወደ አበበ ልመለስ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው፣ ትርፍ አንጀቱን ታምሞ በቀዶ ጥገና ወጣለት። ይሮጣል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በዚህ ጊዜ ጫማውን ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ሁለተኛው ሰው ስታዲዮም የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው፤ እስከዚያ አበበ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም።

በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ፤ እግሩን ታምሞ ስለ ነበረ ግን ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ለማቋረጥ ተገደደ። ሊወጣ ሲል ለማሞ አደራውን እንደ ሰጠው ይነገራል። በሜልቦርን ከማጣሪያ ያላለፈው ማሞ ወልዴ ከ12 ዓመት በኋላ ማራቶኑን አሸንፎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረላት። አበበም የሻምበልነት ማዕረግ የተሰጠው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት 13 ቀን ሌሊት፣ ሻምበል አበበ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠ፤ እስኪነጋም በመኪናው ውስጥ ተይዞ ቈየ። አከርካሪው ስለ ተጐዳ መንቀሳቀስ አቃተው። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ፤ እጆቹ ዳኑለት፣ እግሮቹ ግን ተመልሰው አልሄዱም። ዓለምን በእግሩ ያስደነቀ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። በ1962 ዓ.ም. ግን በዚያው በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጐተት የበረዶ ላይ መንሸራተቻ በአገር አቋራጭ ውድድር ተሰለፈ፤ አሸነፈም። እግሩ ሳይንቀሳቀስ፣ የጃቶ እረኛ በማያውቀው በረዶ ላይ! በሙኒክ ኦሊምፒክም የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠራ። የዚያ ማራቶን ዕለት ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበረና፣ ሮማ ላይ ካሸነፈ ልክ 12 ዓመቱ ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ዐረፈ። ከባለቤቱ ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ አራት ልጆች ወልዷል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ሥርዐት ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱና በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተገኝተዋል።

በ2002 ዓ.ም. የሮማው ድል 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ በሮማ ማራቶን ይመራ የነበረው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ቆመና ጫማውን አወለቀ፤ የቀረውንም በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ገባ።