የአሌፖው ስታማ እና የቼዝ ፊደሎቹ

ቼዝ የሚወድ ሰው «ኢ4» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ይህን ዓይነት አጻጻፍ በመጽሐፍ አሳትሞ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ፊሊፕ ስታማ የተባለ ሶርያዊ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስታማ የአሌፖ ተወላጅ ነው። በአረብኛ ጨዋታው ሸጠረንጅ ይባላል፤ የእኛው ሰንጠረዥም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። (ዛሬ እኛ ጋዜጠኝነት የምንማረው ሰንጠረዥ ስንል የቁጥር ዝርዝር ማለታችን ነው፣ ጨዋታውንማ ቼዝ ብለነዋል።) እ.ኤ.አ. በ1737 ፓሪስ ላይ 100 የጨዋታ መጨረሻ አቀማመጦችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመና ለእንግሊዙ ባለሥልጣን ለሎርድ ሃሪንግተን አበረከተው። ስጦታው በከንቱ አልቀረም መሰለኝ፣ በኋላ ለንደን ገብቶ የንጉሡ የምሥራቅ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ሆኗል። መጽሐፉም በ1745 እዚያው ለንደን በእንግሊዝኛ ወጣ።

በዚያ ዘመን አንድ እርምጃ ለመጻፍ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያስፈልግ ነበር። የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት ይሂድ፣ የንግሥቲቱ ፈረስ እዚህ ይቁም፣ ወዘተ። ስታማ ሰሌዳውን ከ«ኤ» እስከ «ኤች» በፊደል፣ ከ1 እስከ 8 በቁጥር ከፈለው። 64 ቤት፣ 64 ስም፣ አለቀ።

የጠጠሮቹ ስም ላይ ግን ከዛሬው ይለያል። ስታማ ጠጠሮቹን የሚጠራው ጨዋታው ሲጀመር በቆሙበት መስመር ፊደል ነው። ስለዚህ በእሱ ዘንድ «ቢ» ማለት በንግሥቲቱ በኩል ያለው ፈረስ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው፣ ጨዋታ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥበት ፒጂኤን የተባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ «ቢ»ን ለቢሾፕ ሰጥቶታል። ታዲያ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የፒጂኤን ደንብ ፕሮግራሙ ሲጽፍ ጥብቅ፣ ሲያነብ ግን ቻይ እንዲሆን ይፈልጋል። ካስሊንግን በ«ኦ» ፊደል መጻፍ ሲገባ አንድ ሰው በዜሮ ቢጽፈው ብዙ ፕሮግራሞች ዝም ብለው ይረዱታል፤ ማንም አይጎዳም። የስታማን «ቢ ዲ2» ግን እንዳለ ቢሰጡትስ? ከዲ2 ላይ ወታደሩ ተነስቶ ከሆነ ፈረሱም ቢሾፑም እዚያ ቤት መድረስ ይችላሉ። ማሽኑ ሳይጮህ ቢሾፑን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ጨዋታ ስታማ የጻፈው አይደለም! ስህተት ብሎ ቢቆም እኮ ይሻል ነበር። እንደ እኔ መጀመሪያ ፊደሎቹን ወደ ዛሬው መለወጥ፣ የራሱን አጻጻፍ ደግሞ ፒጂኤን ለአስተያየት በፈቀደው ቅንፍ ውስጥ ማኖር ነው የሚያዋጣው። አለበለዚያ የሰውየውን ቃል አጣምመን ተረከው ማለታችን አይደል?

ወደ ሕይወቱ ልመለስ። በ1747 ስሎተርስ በተባለው የለንደን ቡና ቤት ፊሊዶር የሚሉት ፈረንሳዊ ገጠመው። ፊሊዶር ገና 20 ዓመቱ ነበር፣ ከእኔ እንኳ ያንሳል። ስታማ ሁሉንም ጨዋታ በነጭ እንዲጀምር፣ አቻ የወጣውም ለእሱ እንዲቆጠርለት ተፈቀደለት። ያም ሆኖ 8 ለ 2 ተሸነፈ፤ ከሁለቱ አንዱም አቻ የወጣው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የፊሊዶር መጽሐፍ ወጥቶ ዝናውን ሁሉ ጠቀለለው።

ስታማ በ1755 ገደማ አረፈ። እንግሊዞች ከዚያም በኋላ በቃላት በሚገልጸው አጻጻፍ ከ200 ዓመት በላይ ቆዩ፤ የእሱን መንገድ አሻሽለው የያዙት ጀርመኖች ናቸው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ከ1981 ጀምሮ በእንግሊዞቹ አጻጻፍ የተመዘገበን ጨዋታ በክርክር ጊዜ ማስረጃ አድርጎ አይቀበልም።